ስድስት ሜትር

ካራቫን እየጎተተ የመጣ እንግዳ ከመኪናው ሲወርድ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሐይቁ ላይ ነው። አልፈርድበትም፤ የመጣው ለእሱ ነው። የእኔ ሥራ ግን እንግዳን ቦታ ማስያዝ ነውና መጀመሪያ የማየው የጎረቤቱን ግድግዳ ነው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኩምብሪያ ሐይቆች አካባቢ ባለ ካምፕ ካራቫንና ሞተርሆም ማስተናገድ ከጀመርኩ ወዲህ የማልለቀው አንድ እምነት ይዣለሁ። አንድ ካራቫን በትክክል ቆመ የሚባለው ከጎኑ በተረፈው ባዶ ቦታ ነው። መስኮቱ ወዴት ይዙር፣ የጠዋት ፀሐይ በየት ትግባ የሚለው ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

የባዶው ቦታ ልክ የታወቀ ነው። በእንግሊዝ የካራቫን ሥፍራዎች ፈቃድ የሚያገኙት እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው ሕግ መሠረት ነው። በ1983 ለተጓዥ ካራቫኖች የወጣው መመሪያ ደግሞ በአንዱ ቤተሰብና በሌላው ቤተሰብ ካራቫን መካከል ከ6 ሜትር ያላነሰ ርቀት እንዲኖር ይጠይቃል፤ ምንም ቢመጣ ከ3 ሜትር በታች መጠጋጋትን አይፈቅድም። በአንድ ሄክታር ላይም ከ75 በላይ እንዳይቆም ይገድባል።

ምክንያቱ እሳት ነው። የካራቫን ግድግዳ ከውጭ ስስ አልሙኒየም ወይም ፋይበርግላስ፣ መካከሉ ፎም፣ ከውስጥ ስስ ጣውላ ነው። ቤቱ በፍራሽና በመጋረጃ የተሞላ ነው፤ ምድጃው በጋዝ ይሠራል፤ ሲሊንደሩም እዚያው ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አንዴ ከተያያዘ በደቂቃዎች ውስጥ ከማንም አቅም በላይ ይሆናል። ያኔ የሚቀረን ሰው ማውጣትና ቀጣዩ እንዳይያዝ ማድረግ ነው። ቀጣዩን የሚያድነው ደግሞ ከሰዓታት በፊት፣ ማንም ስለ እሳት ሳያስብ የተተወው ርቀት ነው።

ስለዚህ የምለካው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው። የየካራቫኑን ቦታ የሚያመለክቱት ችካሎች በትክክለኛ ርቀት ተተክለው ሳለ ቦታው ሊጠብብ ይችላል። እንግዳው ካራቫኑን አጣሞ ካቆመ አንድ ሜትር ያህል ወዲያው ይጠፋል። በሩ ላይ የሚዘረጋው የሸራ ዳስ ወደ 2 ሜትር ተኩል ይወስዳል። ቀጥሎ ልጆቹ የሚያድሩባት ትንሽ ድንኳን ትመጣለች፤ ከድንኳኗ ጎን የከሰል ምድጃ ይቀመጣል፤ መኪናው ደግሞ "ለጊዜው" ተብሎ በቀረችው ክፍተት ውስጥ ይገባል። ማንም ሆን ብሎ ያጠፋው ነገር የለም፤ ነገር ግን እሳት ከአንዱ ካራቫን ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ ተሠርቶ አልቋል። በዳሱና በጎረቤቱ መካከል 3 ሜትር ክፍት ቦታ ካልቀረ ዳሱ እንዲተከል አልፈቅድም። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ምክንያቱን ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ፤ ሰው ምክንያቱን ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ራሱ ያነሳል።

ችካሉን "የት ልቁም" የሚለውን ጥያቄ ለመዝጋት ብቻ የተተከለ አድርገው የሚያዩ አሉ። ችካሉ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ማዕዘን፣ ለምሳሌ የኋላ ግራውን፣ እሱ ላይ እንዲያሳርፍ ነው የተተከለው፤ ያኔ የአንዱ በር በሌላው ዝግ ጎን በኩል ይከፈታል። ለእንግሊዝ ገበያ የተሠራ ካራቫን በሩ በግራ ነው፤ ጀርመንና ፈረንሳይ ለራሳቸው መንገድ የሠሩት በቀኝ ነው። የቀኝ በር ያለው ካራቫን በግራ በሮች ረድፍ ውስጥ ሲገባ ሁለት ቤተሰብ ፊት ለፊት ይፋጠጣል። የአንዱ ቁርስ በሌላው ዳስ ውስጥ ይታያል፤ ሁለቱ ዳሶችም ያንኑ 6 ሜትር ይሻሙበታል። ለዚህ ነው እንግዳ ቦታ ሲይዝ በሩ በየት በኩል እንደሆነ የምጠይቀው። እንደ እኔ እምነት እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ አዙሮ ማቆም ሊፈቀድ ይገባል፤ ርቀቱ እስከተጠበቀ ድረስ ረድፉ መዛነፉ ምንም አይጎዳም። የኤሌክትሪክ ገመዱም አብዛኛውን ጊዜ 25 ሜትር ስለሆነ ሶኬቱ ጋር ለመድረስ አያንስም። ታዲያ የተረፈው ገመድ እንደተጠቀለለ አይተው። ማሞቂያና ማንቆርቆሪያ አብረው ሲሠሩ የተጠቀለለ ገመድ ይግላል፣ ሽፋኑም ይቀልጣል። ከካራቫኑ ሥር ተዘርግቶ ይቀመጥ።

ኩምብሪያ ዝናብ አገር ነው። ሲትዌይት የምትባለው መንደር በዓመት ከ3 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ነፋሱም በብዛት የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ካራቫን ሰፊ ጎኑን ለነፋስ ከሰጠ ሌሊቱን ሲወዛወዝ ያድራል፤ ጠባቡን ጫፍ ቢሰጥ ይሻላል፤ ዳሱም ነፋስ በማይመታው በኩል ይሁን። ዛፍ ሥር መቆም በሐምሌ ያስጎመጃል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን ቅጠሉ ጣራው ላይ እስኪነጋ ያንጠባጥባል፤ ከሊንደን ዛፍ የሚወርደው ሙጫ መሳይ ነገር ሸራውን ያበላሻል፤ ጣራው ላይ ያለው የፀሐይ ሰሌዳም ሥራ ይፈታል። ደረቅ ቅርንጫፍ ካየሁ ደግሞ ያንን ቦታ ለማንም አልሰጥም።

መሬቱን የምመረምረው በተለይ ለሞተርሆም ነው። ብዙዎቹ እንደ ፊያት ዱካቶ ባለ ቫን ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሞተሩ የሚያዞረው የፊት ጎማዎችን ነው። አልጋው፣ የውሃ ታንኩ፣ የብስክሌት መስቀያው ግን ወደ ኋላ ተከምሯል። 3,500 ኪሎ የሚመዝነው ተሽከርካሪ እርጥብ ሣር ላይ ሲቆም የሚጎትቱት ጎማዎች ላይ ያለው ክብደት ያንሳል። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ሣሩን ይገሸልጣል፣ ከዚያ ወደ ታች ይቆፍራል። ቄጠማ የበቀለበት መሬት ላይ ከባድ ሞተርሆም አላስቆምም፤ ቄጠማ ካለ ከሥሩ ውሃ አለ። ሌላ ቦታ ከጠፋ የፊት ጎማዎቹ ጠጠሩ ላይ እንዲቀሩ፣ አፍንጫውም ወደ መንገዱና ወደ ቁልቁለቱ እንዲያይ አደርጋለሁ። ሲወጣ ጎማው አንዴ ከተንሸራተተ ነዳጅ መጨመር ይቁም። ጎማው ሥር ምንጣፍ ወይም ሳንቃ ማስገባት የሚረዳው ጉድጓዱ ከመጥለቁ በፊት ነው።

ካራቫኑ እንዳያዘነብል ማስተካከሉን በተመለከተ ባለፈው መስከረም ብቻቸውን የመጡ አንዲት አሮጊት ሲያደርጉ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ከዚያ የተሻለ አሠራር አላየሁም። ልረዳቸው ስጠጋ "ይቅርብዎት፣ ቅደም ተከተሉን እንዳልረሳ" አሉኝ። መጀመሪያ በእግራቸው ቦታውን ዞሩ፤ በጫማቸው አንድ ድንጋይ ገፉ፤ የውሃ ቧንቧው የት እንዳለ አዩ። ካራቫኑን ችካሉ ላይ ካደረሱ በኋላ ከመኪናው ሳይፈቱት ትንሽዬ ውሃ ልክ በሩ ውስጥ ወለሉ ላይ አስቀመጡ። አረፋዋ ወደ ቀኝ ሸሸች፤ ግራው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። በግራው ጎማ ፊት የፕላስቲክ መወጣጫ ሸጎጥ አደረጉና መኪናውን አንድ ክንድ ያህል ወደፊት አንቀሳቅሰው ወረዱ፤ አዩ፤ ተመልሰው ትንሽ ጨመሩ። አረፋዋ መሐል ገባች። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ጎማውን በታኮ ያዙ፤ መኪናውን የፈቱት ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥለው የፊቷን ትንሽ ጎማ እጀታ እያዞሩ ፊትና ኋላውን አስተካከሉ። በመጨረሻ አራቱን የማዕዘን እግሮች አወረዱ፤ እያንዳንዱ መሬት እንደነካ አቆሙና ግድግዳውን በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ሞከሩት። አልተነቃነቀም።

እግሮቹን በክሪክ ምትክ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው። ካራቫኑን በእነሱ ሊያነሳ ሲሞክር እግሩ ይጣመማል፣ ወለሉም ይሰነጠቃል። የተሠሩት ማወዛወዙን እንዲይዙ እንጂ ክብደት እንዲያነሱ አይደለም።

ሚዛኑ ለእንቅልፍ ብቻ የሚመስለው ሰው ፍሪጁን ይጠይቅ። በብዙ ካራቫን ውስጥ ያለው ፍሪጅ በ1922 ስቶክሆልም ውስጥ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች በፈጠሩት ዘዴ ይሠራል። ፓምፕም ሞተርም የለውም፤ አሞኒያና ውሃ በሙቀት ይነሳሉ፣ ከዚያ በራሳቸው ክብደት ወደ ታች ይፈሳሉ። ካራቫኑ ካዘነበለ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ማቀዝቀዙ ይቆማል፤ እንዲሁ ሲቆይ ማሞቂያው ክፍል ከመጠን በላይ ይግላል። ወተቱ ተበላሸብኝ ብሎ ከሚመጣ እንግዳ ጋር ስሄድ መጀመሪያ የማወጣው ውሃ ልኬን ነው።

ወደ ኋላ ማስገባት ላይ ባልና ሚስት ይጣላሉ። አገር ቤት በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ የሚነዱ ሾፌሮች ረዳታቸውን ያወርዳሉ፤ ረዳቱ "ና! ና! ና! በቃ!" ይላል፤ ሾፌሩም "በቃ" ሲባል ይቆማል። እዚህ ረዳቱ ብዙ ጊዜ ከካራቫኑ ጀርባ ይቆምና ከሞተር ድምፅ ጋር እየታገለ ይጮኻል፤ ሾፌሩ ግን አያየውም። የረዳቱ ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካልታየ መኪናው አይንቀሳቀስ። "ቁም" ማለት እጅ እንዴት ሲሆን እንደሆነ አስቀድመው ይስማሙ። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የካራቫኑ ጅራት ወደ ግራ ስለሚሄድ ጥቂት ጥቂት ማዞር ይበቃል። ካራቫኑ መታጠፍ ከጀመረ ወደፊት ወጥቶ እንደገና መጀመር ቀላሉ መንገድ ነው።

የሚያሳስበኝ ረድፎቹ ናቸው። ብዙ ካምፖች የተለኩት ካራቫን አጭርና ጠባብ በነበረበት ዘመን ነው። አሁን 7 ሜትር አልፎ የሚሄድ ሞተርሆም ይመጣል፤ ዳሱም ቤት አክሏል። ችካሉ ግን ድሮ የነበረበት ነው፤ ልዩነቱን የሚከፍለው ባዶው ቦታ ነው። በእኛ ካምፕ የታችኛውን ረድፍ ችካሎች ነቅለን እንደ አዲስ ለክተን ስንተክል ቁጥራቸው ቀነሰ። ባለቤቱ ስለ ገቢው መስጋቱ ትክክል ነበር፤ እኔም አልተከራከርኩትም። በሁለት ዳሶች መካከል ቆሞ ሁለቱንም እጁን እንዲዘረጋ ብቻ ጠየቅሁት። የላይኛው ረድፍ ገና አልተነካም። በጥር ካምፑ ሲዘጋ ሜትርና አዳዲስ ችካል ይዘን እዚያ እንወጣለን።