ቶስካ ትቆይ

ድምፅ ልማር ብለው ከሚመጡ ወጣት ሶፕራኖዎች መካከል የፕሪቲ ዬንዴን ታሪክ የማታውቅ የለችም። ደቡብ አፍሪካዊቷ ልጅ በ16 ዓመቷ ቴሌቪዥን ላይ በአየር መንገድ ማስታወቂያ የዴሊብን «ላክሜ» ዱዌት ሰማች፤ በማግሥቱ ይህ ነገር ምን ይባላል ብላ መምህሯን ጠየቀች። ኦፔራ ነው አላት። ኬፕታውን ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የቪየናውን የቤልቬዴሬ ውድድር፣ በ2011 ደግሞ «ኦፔራሊያ»ን አሸነፈች። ጥር 2013 ላይ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ በሮሲኒ «ኮንት ኦሪ» ሌላ ዘፋኝ ተክታ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣች። ገና ስትገባ ደረጃው አደናቀፋትና ወደቀች፤ ተነሥታ ምሽቱን የራሷ አደረገችው።

ተማሪዎቼ ይህችን ምሽት ደጋግመው ያወሩልኛል። እኔ የማወራቸው ስለ ቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት ነው። በ2016 ፓሪስ ላይ የዶኒዜቲን ሉቺያ ዘፈነች፤ ዙሪያውን ደግሞ ሮሲኒ፣ ቤሊኒ፣ እንደገና ዶኒዜቲ። ሁሉም ቅልጥፍና የሚጠይቁ፣ ኦርኬስትራው ለዘፋኟ ቦታ የሚለቅላት ሥራዎች ናቸው። የቬርዲን ቪዮሌታ ፓሪስ ላይ የያዘችው በ2019፣ በ34 ዓመቷ ነው። ቪዮሌታ በመጀመሪያው ገቢር እንደ ወፍ ትበራለች፤ በሁለተኛው ግን የድምፁ መካከለኛ ክፍል ሸክም ይወድቅበታል። ያ ክፍል የማይቸኮልበት ነው።

ለምን እንደማይቸኮልበት ላሳይ። የሶፕራኖ ድምፅ ከመካከለኛው ወደ ላይኛው የሚሻገርበት ቦታ ፓሳጆ ይባላል፤ በብዙዎቹ ከላይኛው ሚ እስከ ፋ ዲዬዝ አካባቢ ነው። አንዲት ተማሪ እዚያ ስትደርስ አገጯ ቀና ይላል፣ የአንገቷ ጅማት ይገተራል፣ ምላሷ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከታች በቀላሉ ያወጣችውን «አ» እንዳለ ይዛ ልትወጣ ስለምትፈልግ ነው። «አ»ውን ወደ «ኦ» ትንሽ አዘንብዪው፣ የጎን አጥንትሽ ትንፋሹ ሳያልቅ እንዳይወድቅ እላታለሁ። ታደርገዋለች። ድምፁ በድንገት ክብ ይሆንና ክፍሉን ይሞላል፤ እሷ ግን ፊቷ ይጨልማል፦ «ቲቸር፣ ድምፄ ጠፋ እኮ!» አልጠፋም። ጉሮሮዋ ውስጥ ሲጮኽባት የነበረው ቀነሰ እንጂ፣ በር ላይ የቆመው ሰው አሁን ነው በደንብ የሰማት። በራስ ስሜት ከመመራት ይልቅ ርቆ ለሚሰማው ሰው መዝፈን፣ እዚህ ላይ ወራት ይሄዳል።

«ሶፕራኖዎች ቃሉን አይናገሩም» የሚለውን ወቀሳ በተመለከተም ልከላከልላቸው። ላይኛው ዶ ላይ የድምፅ አውታሮች በሰከንድ ከ1000 ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ። የኖታው ከፍታ አፋችን «ኢ»ን ከ«ኣ» የሚለይበትን ድግግሞሽ አልፎ ሄዷል። እዚያ ከፍታ ላይ አናባቢ በደንብ የሚለይላት ሶፕራኖ የለችም፤ ደጉ አቀናባሪ ዋናውን ቃል ዝቅ አድርጎ የሚያስቀምጠውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ርዕሴ፣ ተማሪዎቼ ቶሎ ልዝፈናት ወደሚሏት የፑቺኒ ቶስካ ልምጣ። ሃያዎቹን ያላጋመሰች ልጅ የቶስካን ትልቅ አሪያ በፒያኖ ታጅባ፣ በአራት ሜትር ክፍል ውስጥ አምሮላት ልትዘፍነው ትችላለች። ፒያኖ ይዋሻል። አሪያዋ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ናት፤ ቶስካ ግን ሙሉ ምሽት ናት፣ ያውም ከናሱ መሣሪያ ጋር፣ ያለ ማይክሮፎን። ሜትሮፖሊታን ወደ 3800 ሰው ይይዛል። ያን ሁሉ ለመድረስ የምትገፋ ልጅ ለጊዜው ትደርሳለች፤ ዋጋው የሚታየው ቆይቶ ነው፣ ለስላሳ ጀምራ ማጉላት ሲያቅታትና የያዘችው ኖታ መወዛወዝ ሲጀምር።

ኦፔራ ቤቶቹም ይገፋፋሉ። ትርኢቱ በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤት መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ካሜራው ፊት ላይ ነው፤ ወጣት ፊት ይፈለጋል፣ ከባድ ሚናም በጊዜ ይቀርባል። «ካላስስ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ማሪያ ካላስ በ1949፣ በ25 ዓመቷ፣ ቬኒስ ላይ የዋግነርን ብሩንሂልዴና የቤሊኒን ኤልቪራ በቀናት ልዩነት ዘፍናለች። ድምፁ ገና አርባን ሳታልፍ ለምን እንደደከመ ደግሞ ዛሬም ያከራክራል። እኔ ካላስን ቁጭ ብዬ አዳምጣታለሁ እንጂ የትምህርት ዕቅድ አላወጣባትም።

ቶስካን ለጠየቀችኝ ልጅ የምሰጣት የሞዛርትን ሱዛናን ነው፣ ከ«ፊጋሮ ጋብቻ»። ታኮርፋለች፤ ሱዛና ገረድ ናት፣ የሚያስጨበጭብ ላይኛ ኖታም የላትም። ነገር ግን ሱዛና ከመድረክ አትወርድም ማለት ይቻላል። ሌሎቹ እየዘፈኑ ሲያርፉ እሷ በየዱዌቱ፣ በየመዝጊያው አለች፤ አብዛኛውም በዚያው በመካከለኛው ድምፅ ነው። የራሷ ዋና አሪያ የምትመጣው በአራተኛው ገቢር፣ ምሽቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ያኔም ሞዛርት ጩኸት አይፈልግም፣ ገና አሁን እንደጀመረች ያለ ለስላሳ ድምፅ ነው የሚፈልገው። ያችን አሪያ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሳትደክም የምትዘፍንልኝ ልጅ ስለ ቪዮሌታ ታነሣልኛለች፣ እኔም እሰማታለሁ። ስለ ቶስካ ግን ገና አናወራም።