አቤት የሚለው ማነው?

በአማርኛ በብዛት የሚጻፈው ዝርው ጽሑፍ የቱ ነው? ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ይህን ጥያቄ ለአዲስ ተማሪዎች ማቅረብ እወድ ነበር። አንዱ «ልብ ወለድ» ይላል። ሌላው «ስብከት»። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ደፋር ደግሞ «የፍቅር ደብዳቤ» ብሎ ክፍሉን ያስቃል። በእኔ ግምት መልሱ ማመልከቻ ነው። ልብ ወለድ ጽፎ የማያውቅ፣ ግጥም ገጥሞ የማያውቅ፣ የፍቅር ደብዳቤውንም ጓደኛው የጻፈለት ሰው እንኳ በዕድሜው አንድ ጊዜ «ጉዳዩ፦» ብሎ ጀምሮ፣ ከሥሩ መሥመር አስምሮ፣ አቤቱታ ጽፏል ወይም አስጽፏል። ይህን ያህል ሕዝብ የሚሳተፍበት የጽሑፍ ዘርፍ እንደ ልብ ወለዱና እንደ ግጥሙ ሐያሲ አለማግኘቱ አይገርማችሁም? እስቲ ዛሬ እኔ ልሞክረው። የምሞክረውም ትልቁን ዓይነት ነው፤ ዜጎች ተሰብስበው፣ ፈርመው፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርቡትን።

ለሒስ የቀረበልኝ ጽሑፍ ከሩቅ አልመጣም። የምኖረው ጎፋ ነው። ሰፈርተኛው የቀድሞ ሥራዬን ስለሚያውቅ የዕድር ደብዳቤም፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ቃለ ጉባኤም፣ የሠርግ ጥሪም «ፊደሉን እይልን» እየተባለ እኔ ዘንድ ይመጣል። በቅርቡ የመጣው ግን ከበድ ያለ ነበር። የሰፈራችን ጡረተኞች የጡረታ አበላቸው ከገበያው እኩል መራመድ እንዳቃተው ገልጸው፣ ሕጉ እንዲሻሻልላቸው ለምክር ቤቱ ሊያስገቡ ያሰቡት አራት ገጽ አቤቱታ ነው። ገና አልገባም፤ ማኅተምም መዝገብ ቁጥርም የለውም። ትኩስ ረቂቅ።

አነበብኩት። የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታ ነው። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን በታላቅ ትሕትና እያቀረብን» ብሎ ይነሳና እስኪወርድ ድረስ ገጹ ያልቃል። ሁለተኛው ገጽ አመልካቾቹ ሀገራቸውን በቅንነት ያገለገሉ፣ ሕግ አክባሪና ሰላም ወዳድ ዜጎች መሆናቸውን ያስረዳል። ማንም አልከሰሳቸውም፤ እነሱ ግን ይከላከላሉ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለው ሐረግ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ርዕሱን መለስ ብዬ ባየው የሚለው «ጉዳዩ፦ ችግራችንን ስለማሳወቅ» ብቻ ነው። የተፈለገው ነገር፣ ማለትም ሕጉ ይሻሻል የሚለው፣ ሦስተኛው ገጽ ታችኛው መሥመር ላይ እንደ ሌባ ተሸሽጎ አገኘሁት። አራተኛው ገጽ ግልባጭ ነው። ለአሥራ አንድ መሥሪያ ቤቶች።

እኔ ወረቀቱን ሳገላብጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ጡረተኛ እናት ስለ ሕመማቸው ያወሩኛል። «የአንዱን ወር ክኒን ለሁለት ወር ነው የማደርሰው» አሉኝ፤ «አንድ ቀን እውጣለሁ፣ አንድ ቀን እዘላለሁ።» ቀና አልኩ። ይሄ እኮ ነው አቤቱታው! «እማማ፣ ይህን ለምን አልጻፉትም?» ብላቸው፣ «እሱማ የቤት ገመና ነው ልጄ፤ ለመንግሥት ይጻፋል እንዴ?» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ከፍተኛ የኑሮ ጫና ደርሶብናል» ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም በማንኛውም ዘመን ስለማንኛውም ነገር ሊጽፈው ይችላል። አንድ ቀን ተውጦ አንድ ቀን የሚዘለለውን ክኒን ግን ያነበበ እንደራሴ ምሳውን በሰላም አይበላም። የአቤቱታችን የመጀመሪያ ጉድለት ይሄ ነው፤ እውነቱን ቤት ትቶ፣ ክት ልብሱን ለብሶ ደጅ ይቆማል።

ይህ አጻጻፍ ከሰማይ አልወረደም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያውያን ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ደግሞ ተቀባዩን ለይቶ ንጉሠ ነገሥቱ ነው ይላል። የመጨረሻው ፍርድ ዙፋን ችሎት ነበር። ጃንሆይ በመኪና ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆሞ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ሰው የዘመኑ አዲስ አበባ የተለመደ ሥዕል ነው። ለዚያ ተቀባይ ያ ቋንቋ ይስማማ ነበር። ንጉሥ የሚሰጠው ምሕረት ስለሆነ የሚለመነውም ምሕረት ነው። ማንነትህን አስቀድመህ ታስረዳለህ፤ ታማኝነትህን ትመሰክራለህ፤ ፍላጎትህን መጨረሻ ላይ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ታስገባለህ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ይህን ቤት አፍርሶታል። አንቀጽ 30 ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት ከመሰብሰብና ከሰላማዊ ሰልፍ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ልብ በሉ፤ ከልመና ጋር ሳይሆን ከሰልፍ ጋር። አንቀጽ 54 ደግሞ መራጩ አመኔታ ካጣበት እንደራሴውን ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። እንግዲህ በወረቀት ደረጃ ጎፋ ያሉት ጡረተኛ እናት የሚጽፉት ለጌታቸው ሳይሆን ለወኪላቸው ነው። ሕጉ ቤት ቀይሯል፤ ቋንቋችን ግን ዕቃውን ገና ከግቢ አላወጣም።

ጥፋቱን ሁሉ በጻፊው ላይ ብጭን ግን ሒሴ ግማሽ ይሆናል። የዚህ የጽሑፍ ዘርፍ ሌላው ወገን የመልስ ደብዳቤ ነው። እሱን ደግሞ የምታውቁት ነው፤ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ይምጣ ቃሉ አንድ ነው። «ለሚመለከተው አካል ተመርቷል።» «ጉዳዩ በመታየት ላይ ይገኛል።» ማን መራው? ማን እያየው ነው? በሰዋስው ክፍል የድርጊቱን ፈጻሚ «ባለቤት» እንለዋለን። የመልስ ደብዳቤ ዓረፍተ ነገር አድራጊው ጠፍቶበት ተደራጊ ብቻ የቀረለት፣ ባለቤት አልባ ዓረፍተ ነገር ነው። አቤቱታችን ለአሥራ አንድ መሥሪያ ቤት የሚገለበጠውም ለዚህ ነው። ግልባጭ የአክብሮት ምልክት አይደለም፤ «እናንተ ብቻችሁን እንደማትመልሱልኝ አውቃለሁ» ማለት ነው።

አቤቱታ የሚለው ቃል ራሱ ነገሩን ይዞታል። ዳዊት የደገመ ሰው «አቤቱ» የሚለውን ከጸሎት ያውቀዋል። የተበደለ ሰው ደጅ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይላል። ግን አማርኛችን አንድ ድንቅ ነገር አለው። ስሙ የተጠራ ሰውም የሚመልሰው «አቤት» ብሎ ነው። እናት ልጇን ስትጠራ ልጁ «አቤት» ካላለ ባለጌ ይባላል። አንዱ ቃል ጥሪም መልስም ነው። የእኛ ችግር የመጀመሪያውን አቤት አብዝተን ሁለተኛውን ማጣታችን ነው።

ባህላችንም ሁለቱን ያውቃቸው ነበር። በጥንቱ ሙግት «ተጠየቅ» ሲባል የተጠየቀው ቆሞ ይመልሳል፤ «በላ ልበልሃ» እየተባለ ነገር በነገር ይመታል። ሥነ ቃል ሳስተምር ተማሪዎቼን የሚማርካቸው የቃሉ ውበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ከውበቱ የሚበልጠው ሥርዓቱ ነው፤ ለጥያቄ መልስ ግዴታ ነው የሚለው ሥርዓት። ከችሎት ሜዳ ወደ ወረቀት ስንሻገር ጥያቄውን ይዘን መልሱን ጥለነዋል።

«ታዲያ ባይመለስስ ምን ይመጣል? ወረቀት ነው» የሚል ካለ የራሳችንን ታሪክ ያንብብ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተጓዙ። ፓርላማው ያኔ የባለ መሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚመለከት ረቂቅ ይዞ ነበር። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ዓመታት አለፉ። መልሱ የመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ ነው። ያኔ የሚመልስ ፓርላማ አልነበረም፤ መስከረም ላይ ንጉሡ ሲወርዱ አብሮ ተበትኗል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞችና ደጋፊዎቻቸው አዲስ አበባን ያጥለቀለቀ ሰልፍ ወጥተው፣ ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት 13 ጥያቄ አቀረቡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል ይሁኑ የሚለው፣ የተመለሰው በደርግ ነው፤ ተጠያቂው መንግሥት ከወደቀ በኋላ። ወደ እኛ ዘመን እንቅረብ። በ2005 ዓ.ም. አንድነት ፓርቲ «የሚሊዮኖች ድምፅ ለነፃነት» ብሎ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ እንዲሰረዝ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። አዋጁ የተተካው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ሀገሪቱ በአመፅ ተንጣ የመሪ ለውጥ ካየች በኋላ።

የእኛ ዕጣ ብቻ ነው እንዳትሉ። እንግሊዝ ውስጥ ቻርቲስቶች የተባሉት የሠራተኞች ንቅናቄ አባላት እ.ኤ.አ. በ1842 ከሦስት ሚሊዮን በላይ ፊርማ የያዘ አቤቱታ ለፓርላማ አቀረቡ። ምክር ቤቱ አመልካቾቹን ለመስማት እንኳ በ287 ድምፅ ለ49 እምቢ አለ። ከስድስቱ ጥያቄዎቻቸው አምስቱ ግን በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ሕግ ሆኑ። ያው ፓርላማ ዛሬ ሥርዓት አበጅቷል። ከ2015 ጀምሮ 10,000 ሰው የፈረመበት አቤቱታ ከመንግሥት መልስ ያገኛል፤ 100,000 የደረሰው ደግሞ በምክር ቤት ለክርክር መቅረቡ ይታያል። ጀርመንም በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 17 የአቤቱታን መብት ስትደነግግ፣ አንቀጽ 45ሐ ላይ ይህንኑ የሚሠራ የምክር ቤት ኮሚቴ አቁማለች። እዚያም ቢሆን ሁሉም የጠየቀውን አያገኝም። «አይሆንም፤ ምክንያቱም» የሚል መልስ ግን መልስ ነው። አበው «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ለዚህ አይደል? ሰው በቅሎውን ማጣት ይችላል፤ የማይችለው ምክንያቱን ሳያውቅ ጭብጦውን ማጣት ነው።

ቀን ቆርጦ መመለስ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። የ1983ቱ የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ሰልፈኛው ከ48 ሰዓት በፊት እንዲያሳውቅ ሲያዝ፣ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ የሚል መሥሪያ ቤትም ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እንዲገልጽ ያዛል። በክልሎች መካከል የወሰን ጥያቄ ከተነሳና ካልተስማሙ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 ላይ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔውን በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲሰጥ ይጠይቃል። አንቀጽ 30 ግን አቤት ማለትን ፈቅዶ፣ አቤት ባዩ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ ዝም ይላል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው፣ ለዚሁ ምክር ቤት ተጠሪ የሆነው ተቋም ስሙ «እንባ ጠባቂ» ነው። ስሙ ያምራል። እንባው ግን ከመጠበቅ አልፎ እንዲታበስ መልስ ያስፈልገዋል።

የእኛንም ድርሻ አልዘልም። ለምክር ቤት የሚጻፍ አቤቱታ ምክር ቤት የሚሠራውን ሥራ መጠየቅ አለበት። ፍርድ ይሻርልኝ ብሎ ለፓርላማ መጻፍ ዳኛን በእንደራሴ ማስፈራራት ነው። የጡረተኞቻችን ጥያቄ ግን በትክክል የፓርላማ ነው፤ አበሉ የሚወሰነው በአዋጅ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1267/2014ን ያወጣው ምክር ቤት ነው፤ ማሻሻልም የሚችለው እሱ ነው። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነበር። አንድ ገጽ ይበቃል። እነማን ነን፤ ምን ደረሰብን፤ የትኛው ሕግ ይሻሻል፤ መልሱን ለመስማት መቼ እንመጣለን። ክኒኑ ይግባ፤ ሰላምታው ይጠር። በክኒኑ ብዙ ተከራክረን ተስማማን፤ እናቲቱ «ስሜ አይጠራ እንጂ ይጻፍ» አሉ። ግልባጩን ግን አንነካም አሉኝ። «ግልባጭ ከሌለውማ ማን ይደነግጣል?» አሉ አንዱ አዛውንት። መልስ አጣሁላቸው።

መልሱ ያለው ምክር ቤቱ ዘንድ ነው። የደረሰውን እያንዳንዱን የጋራ አቤቱታ ቁጥር ሰጥቶ፣ የያዘውን ኮሚቴ በስም ጠርቶ፣ ቀን ቆርጦ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም፤ ምክንያቱም» ቢል ግልባጩ በራሱ ጊዜ እያጠረ ይመጣል። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ብዙ በጀትም አያስፈልግም። በየአምስት ዓመቱ ዕጩዎች በየሰፈራችን መጥተው ሲጠሩን እኛ አቤት ብለን ወጥተናል፤ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈን ድምፅ ሰጥተናል። በምርጫና በምርጫ መካከል ባሉት ዓመታት የምንጣራው እኛ ነን፤ አቤት ማለት ደግሞ የእነሱ ተራ ነው።