ላርጎ ሲበዛ

ደንበኛ ጠርሙሱን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ማዘንበል ነው። ላርጎው በዝግታ ከወረደ ይገዛል፤ ቶሎ ከወረደ «ይቺማ ቀጥናለች» ብሎ ይመልሳል። ላርጎ እየበጠበጥኩ መሸጥ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኑኝ። «ቅባት ያነሳል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ውፍረቱ ከምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ፤ ከጨው ነው፣ ወጥ ውስጥ ከምንጨምረው ከዚያው ጨው። ላርጎው ውስጥ የሚያጥበው፣ ቴክሳፖን የምንለው ዝልግልግ ነገር በብዙ ውሃ ሲሟሟ ቀጭን ነው። ጨው ሲገባበት ይወፍራል፤ ልኩ ሲያልፍ ደግሞ ተመልሶ ይቀጥናል። እኔ ይህን ያወቅሁት አንድ በርሜል አበላሽቼ ነው። «ትንሽ ጠንከር ይበል» ብዬ አንድ ጭልፋ ጨው ደገምኩበት፤ እያማሰልኩት፣ ዓይኔ እያየ፣ ውሃ ሆነ። ለሰው መሸጥ ስላፈርኩ ቤቴ ወስጄ ለወራት ዕቃ አጠብኩበት። ከወፍራሙ በምንም አላነሰም። የሚያጥበው ነገር እዚያው ነበር፤ የጠፋው ለዓይን የሚያምረው ብቻ ነው።

አረፋውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሳፋው ውስጥ ያለው አረፋ ጨርሶ ሲጠፋ ሳሙናው በቅባት ተይዞ አለቀ ማለት ነው፤ ለዚያ ምልክትነቱ ይጠቅመኛል። ከዚያ በላይ ግን ጌጥ ነው። ቅባቱን የሚያነሱት በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ናቸው፤ አንዱ ጫፋቸው ቅባት ይወዳል፣ ሌላው ውሃ። ቅባቱን ከብበው ከሳህኑ ይነቅሉትና ውሃው ይዞት ይሄዳል። ውሃ በሌለበት፣ ደረቅ ስፖንጅ ላይ የምናንቆረቁረው ላርጎ እንግዲህ አብዛኛው ሳይሠራ ይታጠባል።

የአጠባውን ጥበብ ያስተማሩኝ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ የሚያጥቡ እናት ናቸው። በወር አንድ ጄሪካን ይወስዱ ነበር፤ የእሳቸውን የሚያክል ሥራ ያለባቸው ሌሎች ደንበኞቼ ሁለት ይጨርሳሉ። ምስጢሩን ለማየት አንድ ቀን ጓዳቸው ገባሁ። ብርጭቆው ቀድሞ ይታጠባል፣ ሳህን ይከተላል፣ የወጥ ድስት መጨረሻ ነው። ድስቱን ደግሞ ውሃ ከመንካቱ በፊት በተረፈ እንጀራ አሽተው ይጠርጉታል። «የኔ ልጅ፣ እኔ የማጥበው የጠረግሁትን ነው» አሉኝ። ከዚያ ሞቅ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ላርጎ፤ ዘፍዝፈውት ቡናቸውን ሊጠጡ ተቀመጡ። ሲመለሱ የዶሮ ወጡ ቅቤ ራሱ ለቆ ተንሳፍፏል። በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ፣ በቧንቧ ውሃ ቅቤ ይረጋል፤ የረጋ ቅቤ ላይ ላርጎ ማፍሰስ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ከእሳቸው ጓዳ ከወጣሁ በኋላ ሒሳቤ ተለወጠ። ላርጎ ርካሽ ነው፤ ውዱ ማለቅለቂያው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላርጎው በዝቶ ከሳህኑ አልለቅ ብሎ ሦስቴ ሲለቀለቅ የሚያልቀው የበርሜሉ ውሃ ነው። ለቤት ዕቃ፣ በአምስት ሊትር ሙቅ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥሩ ላርጎ ይበቃል። የኔ ውስጥ የሚያጥበው ነገር አነስ ስለሚል ሁለት አድርጉት።

ከሳፋው የደፋነውም መንገድ አለው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ለሕክምና ትልቅ ግኝት ሆነ። እኔን ግን የሚያጥብ ነገር ከእጃችን ሲወጣ ሥራውን እንደማያቆም ያስታውሰኛል።

«እንዲበረክት» ብለው ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ የሚሞሉ አሉ። ይህን አልወድም። ላርጎው እንዳይበላሽ የገባበት መድኃኒት የሚበቃው ለነበረው መጠን ነው፤ ውሃ ሲጨመርበት ይደክማል፣ ከርሞም ይሸታል። ለዕለቱ የሚሆነውን ብቻ በጥብጡ። የእጅ ሳሙና ዕቃም እንዲሁ ነው፤ የቀረው ላይ ደርቦ ከመሙላት አጥቦና አድርቆ መሙላት ይሻላል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር በየበሩ ሳሙና ተቀመጠ፤ ብዙው ሰው ደረቅ መዳፉ ላይ አፍስሶ ወዲያው ይታጠብ ነበር። ዋናው መጀመሪያ እጅን ማርጠብ፣ ከዚያ ቢያንስ ሃያ ሰከንድ ማሸት ነው እንጂ የሳሙናው ብዛት አይደለም። ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆንም ግድ የለም።

ላርጎ የማይነካቸው ዕቃዎችም አሉ። የሸክላ ምጣድና ጀበና ሳሙናውን ይጠጡታል፤ ለምጣዱ የጎመን ዘር፣ ለጀበናው ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ይህን ለሽያጬ ስል ባልናገረው ይሻለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልስቅበትም። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ አሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተገናኘ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ ለምትመጡም፣ ከእንግዲህ አልቀዳላችሁም። ቀለም ያለው ላርጎ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ለሕፃን ዓይን ጭማቂ ነው። ክዳኑ የሚጠብቅ ሌላ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፤ ላዩ ላይ «ላርጎ» ብዬ በትልቁ እጽፍላችኋለሁ።