ለጤና ጣቢያ ቡድን የተጻፉት ሞጁሎች፤ ዛሬም የሚጠኑ የትናንት መጻሕፍት

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ትምህርት ከተከታተሉት መካከል፣ ሽፋኑ የተላጠ፣ ከፎቶ ኮፒ ላይ ዳግመኛ ፎቶ ኮፒ የተደረገ፣ የሥዕሎቹ ግማሽ በጥቁር ቀለም የተዋጠ የሌክቸር ኖት ወይም ሞጁል ያላነበበ ብዙ አይገኝም። መጽሐፍ ገዝቶ ማጥናት ለአብዛኛው ተማሪ በማይታሰብበት፣ የቤተ መጻሕፍቱም ጥቂት ቅጂ በወረፋ በሚነበብበት ሁኔታ፣ እነዚህ ጽሑፎች ስንቱን ጤና መኮንን፣ ነርስና የላቦራቶሪ ባለሙያ ለዲግሪ እንዳበቁ መገመት አያዳግትም። ይህን ያህል የተነበበ ሥራ ግን በአደባባይ ሲመዘን እምብዛም አይሰማም።

ጽሑፎቹ የተዘጋጁት እ.ኤ.አ. በ1997 በተጀመረው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ሥልጠና ኢኒሺየቲቭ አማካይነት ነው። ካርተር ማዕከል ከጤና ጥበቃና ከትምህርት ሚኒስቴሮች ጋር በመተባበር፣ በአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ፣ የጎንደርን፣ የጅማን፣ የአለማያንና የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችን መምህራን አሰባስቦ አጻፈ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2010 ለኢትዮጵያ መንግሥት ተላልፏል። ከሁሉ በላይ ሊመሰገን የሚገባው ጸሐፊዎቹ የሀገሩን ሕመምተኛ የሚያውቁ መሆናቸው ነው። ከዚያ በፊት ተማሪው የሚመካበት ወፍራሙ የውስጥ ደዌ መጽሐፍ ስለ ልብ የደም ሥሮች ብዙ ምዕራፍ ሲሰጥ፣ በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ ትኩሳት ወይም በመተማና በሑመራ ቆላ የቀን ሠራተኛውን የሚፈጀውን ካላ አዛር በጥቂት ገጾች ያልፍ ነበር። ለጤና ጣቢያ የሚመረቅ ተማሪ በሌላ አህጉር ሆስፒታል አስተሳሰብ ይቀረጽ ነበር ማለት ነው።

የሞጁሎቹ አወቃቀር የራሱ ሐሳብ አለው። በአንድ በሽታ ላይ አንድ ዋና ሞጁል ይቀርባል፤ እርሱንም ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ጤና ነርሷ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያውና የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ በጋራ ያነብባሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ሙያው ንዑስ ሞጁል ያመራል። ቅድመ ፈተናው እንኳ ለሁሉም የሚሆን አንድ ክፍልና ለየሙያው የተለየ ሌላ ክፍል አለው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሳኒታሪያኖችን ያሠለጠነው አብረው እንዲሠሩ አስቦ ነበር። የጤና መኮንኖች ሥልጠና ለዓመታት ከተቋረጠ በኋላ ሲመለስ፣ ያንን የቡድን ትምህርት በመጽሐፍ መልክ ያስቀጠሉት እነዚህ ሞጁሎች ናቸው። ነርስና ጤና መኮንን በአንድ የሕመምተኛ ታሪክ ላይ እንዲከራከሩ የሚጋብዝ የመማሪያ መጽሐፍ በብዙ ሀገር የተለመደ አይደለም።

ግብዣው ግን ከታሪኩ አልፎ አይዘልቅም። ንዑስ ሞጁሎቹ ሲደርሱ ሥራው በሠንጠረዥ ይተነተናል፤ ዕውቀት፣ አመለካከት፣ ተግባር እየተባለ ለእያንዳንዱ ሙያ ይከፋፈላል። ችግሩ ያለው «አመለካከት» በሚለው ረድፍ ነው። የጤና ትምህርት ጠቃሚ መሆኑን ማመን፣ ለቡድን ሥራ ዋጋ መስጠት የሚሉ ዓይነት ዓላማዎች ከመድኃኒት መጠን ጎን ለጎን፣ በዚያው ቋንቋና በዚያው ፊደል ይሰፍራሉ። የመድኃኒት መጠን ይጠናል፤ አመለካከት ግን አይሸመደድም። ሌሊት ተጠርቶ የመጣ ጤና መኮንን፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ «ስላይዱን ድገምልኝ» ሲባል ለምን እንደሚቆጣ፣ ነርሷም የታዘዘው መጠን ስሕተት መሆኑን እያወቀች ለምን ዝም እንደምትል ሠንጠረዡ አይጠይቅም። ቡድን የሚፈርሰው ግን በዚህ ነው። አራቱን ሙያዎች በአንድ ገጽ ላይ ያስቀመጡት ጸሐፊዎች፣ በአራቱ መካከል ያለውን የሥልጣን፣ የደመወዝና የክብር ልዩነት ሳይነኩት አለፉ።

ከመጽሐፉ ጀርባ የሚታተመው የመልስ ቁልፍም ያልታሰበ ጉዳት አምጥቷል። ቅድመ ፈተናው ተማሪው የማያውቀውን ለይቶ እንዲያይ፣ ድኅረ ፈተናው ደግሞ መሻሻሉን እንዲለካ ታስቦ ነበር። ተማሪው ግን ጥያቄውንና ቁልፉን ገንጥሎ ያጠናል፤ በመካከል ያለው የሕመምተኛ ታሪክ ሳይነበብ ይቀራል። ለዚህ ተማሪውን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። የሙያ ፈቃድ ፈተናውም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2023 ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የተጀመረው የመውጫ ፈተና በምርጫ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ለዕድገቱ የሚጨነቅ ወጣት ጊዜውን በዚያው መንገድ ማዋሉ አያስደንቅም።

የቋንቋው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሞጁሎቹ በዋናነት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እርሱ ስለሆነ ይህ ብቻውን ነቀፋ አይደለም። ነገር ግን በታሪኮቹ ውስጥ ያለው ሕመምተኛ ራሱ የሚናገረው በሐኪም እንግሊዝኛ ነው፤ ሕመሙን በመጽሐፍ ቅደም ተከተል፣ ቀኑን ቆጥሮ ያስረዳል። በጤና ጣቢያው በር የሚገባው ሰው «ውጋት ያዘኝ»፣ «ምች መታኝ»፣ «መጋኛ ነው» ይላል። ውጋት የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ የጡንቻ ሕመምም ሊሆን ይችላል። አማርኛው «ምች» ለከንፈር ቁስልም ለትኩሳትም የሚነገር ሲሆን፣ የሕክምና መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ኒሞንያን «የሳንባ ምች» ብሎ ተርጉሞታል። ይህን ድብልቅልቅ የሚፈታ አንድ ገጽ፣ ለአማርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞ፣ ለሲዳምኛ፣ ለሶማልኛ እየተባለ ቢጨመር፣ ከብዙ የሠንጠረዥ ረድፍ ይበልጥ ይረዳ ነበር። ጸሐፊዎቹ ይህን ዕውቀት በየዋርዱ ሲጠቀሙበት የኖሩ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ለማስፈር ግን የተገባ አልመሰላቸውም ይሆናል።

የጊዜው ማለፍ ደግሞ ቸል የሚባል አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 ከክሎሮኪን ወደ ሰልፋዶክሲን-ፓይሪሜታሚን፣ በ2004 ደግሞ ወደ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን የፋልሲፓረም ወባ ሕክምናን ለውጣለች። ከዚያ በፊት የተጻፈን የወባ ትምህርት ዛሬ የሚያነብ ተማሪ የሚያገኘው የቀረ ሕክምና ነው። የወባ ትንኝ የሕይወት ዑደት አልተለወጠም፤ የሕፃናትን ፈሳሽ ማጣት መመዘኛውም በብዛት ያው ነው። ስለዚህ ጽሑፎቹን አሮጌ ናቸው ብሎ መጣል ጅልነት ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ መስጠትም አደጋ ነው። ከፎቶ ኮፒ ሲባዙ መጀመሪያ የሚቀረው የሽፋን ገጽ፣ ማለትም ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈበት ገጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የተፋጠነው የጤና መኮንኖች ሥልጠና ሲጀመር፣ በ2012ም አዲሱ የሕክምና ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን መቀበል ሲጀምር፣ ተማሪው በዛ፤ መምህርና መጽሐፍ ግን በዚያው ልክ አልበዛም። ሞጁሎቹ ከታሰቡበት በላይ ሸክም የተሸከሙት በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉ ክለሳ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። እስከዚያው ግን ሞጁሉን ለክፍሉ የሚያድል መምህር በመጀመሪያው ገጽ ላይ የታተመበትን ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን መድኃኒትና መጠን በእጁ ጽፎ ማባዛት ይችላል፤ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል።