ስለ ሶፍት ፕሮሰሰር ዝግመት የሚጠቀሰው ቁጥር

ሄንሪ ዎንግ፥ ቮን ቤትዝና ጆናታን ሮዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባወጡት ጥናት፥ አንድ ፕሮሰሰር ኤፍ ፒ ጂ ኤ በሚባለው፥ ተጠቃሚው ራሱ ሰርኪዩቱን በሚያዋቅረው ቺፕ ላይ ሲሠራ፥ በፋብሪካ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ከሚወጣው ይልቅ ከ17 እስከ 27 እጥፍ ቦታ እንደሚፈጅና ከ18 እስከ 26 እጥፍ እንደሚዘገይ ጽፈዋል። ከዚህ ሁሉ ጥናት በተማሪዎች አፍ የቀረው ይህ ቁጥር ብቻ ነው። «ጠረጴዛዬ ላይ ኮምፒዩተር እያለ ሶፍት ፕሮሰሰር ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ሁሉ ይህንኑ ይጠቅሳል።

ነገር ግን ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ መመርመር ይገባል። የተለኩት ሙሉ ፕሮሰሰሮች እንደ ኦፕንስፓርክና እንደ ኢንቴል አቶም ያሉ፥ አስቀድሞ ለፋብሪካ ሲሊከን ታስበው የተነደፉ ናቸው። ይህ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ካባ አልብሶ «ቁመናህ አያምርም» እንደ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ለኤፍ ፒ ጂ ኤ ተብሎ የተነደፈ ፕሮሰሰር በዚህ ቁጥር ሊፈረድበት አይገባም።

የጥናቱ ፍሬ ያለው ሌላ ስፍራ ነው። ደራሲዎቹ ፕሮሰሰሩን በየብልቱ ለያይተው ሲመዝኑት ልዩነቱ እኩል ሆኖ አላገኙትም። ኤፍ ፒ ጂ ኤው ለሚሞሪ፥ ለመደመርና ለማባዛት የተዘጋጀ የራሱ ክፍል ስላለው፥ እነዚህ ከ2 እስከ 7 እጥፍ ቦታ ቢፈጁ ነው። ከብዙ መስመር አንዱን የሚመርጠው መልቲፕሌክሰርና በአድራሻ ሳይሆን በይዘቱ የሚፈለገው ሚሞሪ ግን ከ100 እጥፍ በላይ ይፈጃሉ። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ደግሞ ትእዛዞችን ከተራቸው አውጥቶ ለማስኬድ እጅግ የሚደገፈው በእነዚሁ ውድ ብልቶች ነው። እንግዲህ «ትንሽ ዴስክቶፕ ልሥራ» ብሎ የሚነሣ ተማሪ የመመረቂያውን ዓመት ቺፑ በሚደክምበት ሥራ ላይ ይፈጀዋል። ትእዛዙን በተራ የሚፈጽም፥ ሰፋ ያለ ነገር ግን አሠራሩ ቀላል የሆነ ካሽ ያለው ንድፍ ቢመርጥ ይሻለው ነበር።

በደራሲዎቹ ላይ የምነቅፈው ሚዛናቸው ስፋትና መዘግየት ብቻ መሆኑን ነው። ሞተር የሚቆጣጠር መሣሪያ አጥብቆ የሚፈልገው መልሱ በታወቀ ጊዜ እንዲደርስለት ነው፤ በዴስክቶፕ ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሌላ ሥራ ጣልቃ ሲያስገባ ይህ ጊዜ ይዋዥቃል። በኤፍ ፒ ጂ ኤ ላይ ግን ችኩሉን ሥራ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ለብቻው በተተከለ ሰርኪዩት መፈጸም ይቻላል፤ ፕሮሰሰሩም የሚያዝዘውና የሚቈጥረው ብቻ ይሆናል። ይህን የማይሻ ሥራ፥ ለምሳሌ ትልልቅ ሠንጠረዥ ማስላት፥ ያለ ክርክር ለዴስክቶፑ ይተው።