«ጎማ»፣ «ጥርስ»፣ «ነፃ መንኰራኵር»፦ ስለ ብስክሌት ሙያ ቃላት አሰያየም

የብስክሌት ጥገና ማሠልጠኛ ጽሑፍን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመመለስ ታስቦ የተሰናዳ የቃላት ዝርዝር ረቂቅ አስተያየት እንድንሰጥበት በቅርቡ ቀርቦልን ነበር። አዘጋጆቹን በስም ማንሣት አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም፤ ጉድለቱ የእነርሱ ብቻ አይደለምና። በረቂቁ ላይ የሚታየው ችግር በሌሎችም የሙያ መስኮች ሲደጋገም ያየነው፣ እኛም በወጣትነታችን የፈጸምነው ነው። ይኸውም የእንግሊዝኛውን ቃል በተራ አስቀምጦ ከፊት ለፊቱ ከግእዝ ወይም ከመዝገበ ቃላት የተገኘ አቻ መደርደር፣ ዕቃውን በእጁ የሚይዘውን ሰው ግን ምን ብሎ እንደሚጠራው አለመጠየቅ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን ይዘን ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ወረድን። በለቡ አካባቢ ከመንገድ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ሰልባጅ ብስክሌቶች ይፈታታሉ፤ የአንዱ አካል ከሌላው ጎማ ጋር እየተጋባ እንደገና ይገጣጠማል። እዚያ ለሚሠሩት ወጣቶች «ነፃ መንኰራኵር» የሚለውን አነበብንላቸው። አንደኛው ካቻቢቴውን እንደያዘ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የጠፈር ነው እንዴ?» አለን።

ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። «መንኰራኵር» በጥንቱ አነጋገር የሠረገላ እግር ነው፤ የመጻሕፍትን አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ ዛሬም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት «የጠፈር መንኰራኵር» በሚለው አጠራር ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀርቷል። በምድር የተወውን ቦታ የወረሰው ከኢጣልያንኛ የመጣው «ጎማ» ነው። በኢጣልያንኛ «ጎማ» የቁሱና የሽፋኑ ስም ሲሆን በአማርኛ ግን ሦስት ነገር ተሸክሟል፤ ቁሱን፣ በቸርኬው ላይ የሚለበሰውን ሽፋን፣ ከነቸርኬውና ከነሽቦው የሚዞረውን አካል በሙሉ። «ጎማው ተበላ» ሲባል ሽፋኑ ነው፤ «ጎማው ተጣመመ» ሲባል ቸርኬው ነው፤ «የፊቱን ጎማ አውጣው» ሲባል ሁሉም ነው። ተናጋሪው ከግሡ ይለየዋል። ግሥ የሌለበት የዕቃ ዝርዝር የሚተረጉም ሰው ግን የሚይዘው የለውም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በጎን እንጨምር። ክፍለ ከተማው የሚጠራበት «ንፋስ ስልክ» ራሱ የሙያ ቃል ነበር። ሽቦ አልባው የመልእክት ማስተላለፊያ ሲመጣ፣ ስልኩ በሽቦ ፈንታ በነፋስ ይሄዳል ብሎ ሕዝቡ ያወጣው ስም ነው። መሣሪያው አርጅቶ ሲቀር ስሙ የሰፈር ስም ሆኖ ኖረ። እንዲህ ያለውን ስም ኮሚቴ ቢያወጣው እንዴት ደስ ባለን!

ረቂቁ ከኢጣልያንኛ በመጡት ቃላት ላይ የያዘው አቋም ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክር ነው። «ቸርኬ»፣ «ካላማዳሪ»፣ «ኩሽኔታ»፣ «ፓራፋንጎ»፣ «ቡሎን»፣ «ፍሬን» ሁሉም ተሠርዘው በግእዝ ሥር በተሠሩ ሐረጎች ተተክተዋል። ምክንያቱ «የባዕድ ናቸው» የሚል ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ በጋራዥ በኩል የገቡ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከገቡ በኋላ የሆኑት ነገር ለቋንቋ ተመራማሪ ሊሰወር አይገባውም። «ካላማዳሪ»ን ብቻ እንመልከት። መነሻው «ካሜራ ዳርያ»፣ ማለት «የአየር ክፍል» ነው። ከሁለቱ «ር» ድምፆች አንደኛው ወደ «ል» ተለውጧል፤ «ም»ና «ል» ቦታ ተለዋውጠዋል፤ የመጨረሻው አናባቢም ተቆርጧል። ቃሉን ዛሬ ለአንድ የሮማ ሰው ቢነግሩት የራሱ መሆኑን አያውቅም። «ካቴና»ም እንዲሁ ነው፤ በአገሩ ማንኛውም ሰንሰለት ሲሆን እኛ ዘንድ ግን የእስረኛ እጅ ማሰሪያ ሆኗል። በኢጣልያንኛ የብርሃን ጨረርና የጎማ ሽቦ በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ እኛ ያንኑ ቃል «ራጅ» ብለን ሐኪም ቤት አስገብተነዋል። እነዚህ ቃላት በአማርኛ የድምፅና የትርጉም ሥርዐት ውስጥ አልፈዋል። «ኮርቻ»ና «መሪ» የአገር በቀል ቃላት ሆነው ሳለ በብስክሌቱ ላይ ከ«ፔዳል» ጋር ተስማምተው መቀመጣቸው፣ ባለሙያው ቃል የሚመርጠው በዘር ሳይሆን በጥቅም መሆኑን ያሳያል። «ብየዳ»ንም ማንም አላዘዘውም።

ደግሞም ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ በጎዳና ውድድር ተሰልፈው በቡድን ዘጠነኛ ሲወጡ፣ የአማርኛ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ሊቋቋም ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ቀርቶት ነበር። እነዚያ ሰዎች ብስክሌታቸውን በአንድ ቋንቋ ጠግነዋል።

እስካሁን ያልነው የጣዕም ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ቀጥሎ የምናነሣው ግን አጥንት የሚሰብር ነው።

አማርኛ ተናጋሪ መካኒክ የሠንሰለት ተሸካሚውን ክብ ብረትም፣ የቡሎንን ጠመዝማዛ መስመርም «ጥርስ» ይላል። «ጥርሱ ተበልቷል» ለሁለቱም ይነገራል። ረቂቁ ይህን አላስተዋለም፤ ከሁሉም የከፋው «ግራ ጥርስ» የሚለው ነው። የግራው ፔዳል በግራ የሚጠብቅ ስለሆነ እዚያ ላይ ስሕተት አይፈጠርም፤ ጎኑና አቅጣጫው ተገጣጥመዋል። የፔዳሉ ዘንግ በሚዞርበት የኩሽኔታ ቤት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በእንግሊዝ ልክ በተሠራ ብስክሌት በግራ የሚጠብቀው የቀኙ ጎን ኩባያ ነው፤ በኢጣልያ ልክ ደግሞ ሁለቱም በቀኝ ይጠብቃሉ። ሰልባጅ በሚገጣጠምበት ቤት ሁለቱም ልኮች በአንድ ቀን ይመጣሉ። «የግራ ጥርስ ኩባያውን አጥብቅ» ብሎ የሚያነብ ተማሪ የትኛውን ይያዝ? ያለ ልኩ ከገፋው የአካሉን ጥርስ ይበላዋል፤ የአካል ጥርስ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። እኛ «የግራ ጎን» እና «በግራ የሚጠብቅ» ተብሎ እንዲለይ አሳስበናል። «ግራ ጠባቂ» የሚለው አጭር ነው፤ ሆኖም ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማይጽፍ አንባቢው ዘበኛ ያደርገዋል።

ሁለተኛው «ቋሚ ማርሽ» ነው። በመም ላይ ለሚደረግ ውድድር በሚሠራ ብስክሌት የኋላው ጥርስ ከጎማው እምብርት ጋር ተያይዞ የተሰካ ነው፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ እግር ማሳረፍ የለም። ፍሬንም አይደረግለትም። በተራ የከተማ ብስክሌት ግን ጥርሱ አንድ ብቻ ቢሆንም ነጂው ቁልቁለት ላይ እግሩን አሳርፎ ይወርዳል። «ቋሚ ማርሽ» ያለው አማርኛ አንባቢ የሚረዳው «የማይለዋወጥ» ብሎ ነው፤ ይህ ሁለቱንም ይገልጻል። ከእንጦጦ ሥር እስከ አቃቂ እየወረደ በሚሄድ ከተማ እነዚህን ሁለት ዕቃዎች በአንድ ስም መሸጥ ተገቢ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ከተጀመረ፣ ከለቡ ወደ ጀሞ የብስክሌት መንገድ ከተሠራ፣ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ተጨማሪ መስመር ካወጣ ወዲህ ገዢው በዝቷል።

እኛ «ጥብቅ ጥርስ» እና «ልቅ ጥርስ» ብለናል። «ነፃ» ያልነው ቀርቶ «ልቅ»ን የመረጥነው፣ «ነፃ» በገበያ «ያለ ዋጋ» ስለሚመስል ነው። «ልቅ» የስድነት ሽታ አለው የሚል ተቃውሞ ከባልደረቦቻችን ቀርቦልናል፤ ልጓም የሌለው ሲሮጥ ማለት ከሆነ ለቁልቁለት የሚስማማ ነው ብለን እንመልሳለን። የ«ጥብቅ» ደካማ ጎን ግን አይካድም። ለቡ ያሉት ወጣቶች ሲሰሙት «በደንብ የታሰረ» መሰላቸውና ማብራሪያ ጠየቁ። ከተብራራላቸው በኋላ ተቀብለውታል፤ ያለ ማብራሪያ የማይቆም ቃል መሆኑን ግን መዝግበናል።

የቁጥር ስሞችም አሉ። «ባለ ሃያ ስድስት» እና «ባለ ሃያ ስምንት» የሚባሉት ጎማዎች ስማቸው ኢንች ቢሆንም ልካቸው አንድ አይደለም። ሽፋኑ የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር በ«ሃያ ስድስት» 559 ወይም 590 ሚሊሜትር፣ በ«ሃያ ስምንት» 622 ወይም 635 ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው ይህን በዓይኑ ይለያል፤ የሩቅ ገዢ አይለይም። ረቂቁ የእንግሊዝኛውን ኢንች እንዳለ ገልብጧል። ይህ የትርጉም ጥፋት አይደለም፤ እንግሊዝኛው ራሱ የተሳሳተ ስም ተሸክሞ የሚኖር ነው። ተርጓሚ ግን የሌላውን ስሕተት እንዲወርስ የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ ሚሊሜትሩ ከስሙ ጎን ይጻፍ።

የጠቅላላ መዛግብተ ቃላታችን፣ ከከሣቴ ብርሃን ተሰማ የ1951 ዓ.ም. ሥራ እስከ 1993 ዓ.ም. የአማርኛ መዝገበ ቃላት ድረስ፣ ይህን ሁሉ እንዲነግሩን መጠበቅ ግፍ ነው። ተግባራቸው ሌላ ነው። የሙያ ቃላት ዝርዝር አዘጋጅ ግን ከእነርሱ ጀርባ መደበቅ አይችልም።

ረቂቁን ስንመልስ «ቸርኬ»፣ «ካላማዳሪ»ና «ኩሽኔታ» ወደ ቦታቸው እንዲገቡ፣ «ጥርስ» በሁለት ፍች እንዲከፈል፣ «ቋሚ ማርሽ»ም እንዲሠረዝ ጠይቀናል። «ጎማ»ን ግን ሳንወስንበት ነው የመለስነው። ለሽፋኑ «የጎማ ልብስ» ይባል ያሉ ነበሩ፤ ለቡ ሄደን ስንናገረው ማንም አልሳቀብንም፣ ማንም ግን አልደገመውም።