እምቢ ያለ ቺንጊያ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ አጭር ቢሆንም ከፍታው ቀላል አይደለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በመካከል የሐረጎን ዳገት መውጣት ግድ ነው። ከጅቡቲ ተጭኖ በሚሌና በባቲ በኩል ለሚመጣ መኪና ደግሞ ዳገቱ የሚጀምረው ከአፋር ቆላ ነው። ሚሌ 500 ሜትር አካባቢ ናትና ደሴ እስኪደርስ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። በዚህ መስመር ላይ በመካኒክነት የሚተዳደር ሰው ሥራውን ዳገቱ ይፈትሽለታል።

ከሥራዎቻችን ሁሉ ስለ አንዱ ብቻ ልጻፍ፤ ቺንጊያ ስለ መግጠም። ብዙ ሰው እንደ ትንሽ ነገር ያየዋል፤ ባለመኪናውም ቆሞ ሊጠብቅ የሚፈልገው ሥራ ነው። እኔ ግን የአንድን መካኒክ ጠባይ ለማወቅ ከፈለግሁ፣ አዲስ ቺንጊያ ጠብቆ አልገባ ሲለው ምን እንደሚያደርግ አያለሁ።

መጀመሪያ ቺንጊያው እኛ አገር ምን እንደሚሸከም እንይ። በደሴ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየርን በራሱ ብቻ የሚስብ ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሾፌሩ ያጣውን ለማካካስ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ይረግጣል፤ መኪናው በዝግታ ስለሚሄድ ፊት ለፊት የሚመታው ንፋስ ያንሳል፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። ውሃ ደግሞ ክፍት ዕቃ ውስጥ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን የሚከላከሉት የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና የውሃው ዝውውር ናቸው። በብዙዎቹ ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖች ላይ የውሃ ፓምፑንም ፋኑንም የሚያዞረው ቺንጊያ ነው። ሜዳ ላይ ጥቂት ሲንሸራተት ያልታወቀ ቺንጊያ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ውሃ አፍልቶ መኪና ያቆማል።

ሱፐርቻርጀር ባለበት ሞተር ነገሩ ይከብዳል። በሁለቱ ከተሞች የሚበዙት ሀይሩፎች፣ አይሱዙዎችና ናፍጣ ላንድክሩዘሮች ናቸው፤ ሆኖም ከኋላቸው «ኮምፕረሰር» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው መርሴዲሶችም አልፎ አልፎ ይመጣሉ። የእነዚህ ሞተር አየር የሚጨምቅ መሣሪያ አለው፤ መሣሪያውን የሚያዞረው ደግሞ ከክራንክሻፍቱ የሚነሳ ቺንጊያ ነው። ቱርቦ በጭስ ማውጫው ግፊት ስለሚዞር ቺንጊያ አያስፈልገውም። ሱፐርቻርጀር ግን ጉልበቱን ሁሉ ከቺንጊያው ይወስዳል። 100 አምፔር የሚያወጣ ዲናሞ ከቺንጊያው የሚፈልገው ከ2 ኪሎዋት ብዙም አይበልጥም፤ ሱፐርቻርጀር ሙሉ ጉልበቱን ሲሠራ የዚያን ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ፋብሪካው ቺንጊያውን በጥብቀት ይገጥመዋል። የሳሳውን የደሴ አየር ሊያካክስ የሚችል መሣሪያ ቺንጊያው ከተንሸራተተ የሚከዳው እዚያው ዳገቱ ላይ ነው።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው አጥብቀህ ግጠመው» የሚል መካኒክ ብዙ ነው። ጥብቀት ግን ከሥራው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው ሕግ አለ፤ ገመድ በምሰሶ ላይ የሚይዘው በተሳበበት ኃይል ብቻ ሳይሆን ምሰሶውን ባቀፈበት መጠንና በሰበቃውም ነው። ጠፍጣፋ ቺንጊያ ፑሊውን ግማሽ ዙር ቢያቅፍና ሰበቃው 0.3 ቢሆን፣ የጠበቀው ወገን ከላላው ወገን 2.6 እጥፍ ገደማ እስኪሳብ ድረስ አይንሸራተትም። ያንኑ የቪ ቅርጽ ሰጥተን 38 ዲግሪ በሆነ ቦይ ውስጥ ብናስቀምጠው እጥፉ ወደ 18 ይጠጋል። ምክንያቱም ቺንጊያው እንጨት ውስጥ እንደገባ ሽብልቅ በሁለት ጎኑ ይነክሳል። ለዚህ ነው ያረጀ የቪ ቺንጊያ ተበልቶ የቦዩን ወለል ከነካ በኋላ የቱንም ያህል ብታጠብቀው የማይዘው። ወለሉ አብረቅርቆ ካየህ ቺንጊያው ወይም ፑሊው ዘመኑን ጨርሷል።

ስለዚህ ቺንጊያ እምቢ ሲል፣ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት እጠይቀዋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥሩ ነው። በጀርባው ላይ 6ፒኬ2145 ተብሎ ከተጻፈ፣ 6 ጥርስ አለው፤ ርዝመቱ 2,145 ሚሊ ሜትር ነው። በ10 ሚሊ ሜትር ያጠረ ሌላ ቺንጊያ በዓይን ያው ይመስላል። አሮጌው ሞተሩ ላይ ሳለ ከመላላቱ ተነስቶ ርዝመቱን መገመትም ያሳስታል፤ ጥርሱ የተበላ ቺንጊያ ቦዩ ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀመጥ ከርዝመቱ በላይ የላላ ይመስላል። የሚታመነው የሞተሩ መለያና የተጻፈው ቁጥር ነው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ቺንጊያው በየትኛው ፑሊ ላይ በጥርሱ፣ በየትኛው ላይ በጀርባው እንደሚያልፍ አሮጌውን ሳልፈታ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። አንድ አይድለር፣ ማለትም ቺንጊያውን ብቻ የሚመራ ፑሊ፣ በተሳሳተ ወገን ከታለፈ ወይ አይደርስም፣ ወይ ደርሶ ትንሿን ፑሊ በበቂ አያቅፋትም። ደርሶ ያላቀፈው ይብሳል፤ መኪናው ተነስቶ ይሄዳልና።

ሦስተኛው ማጥበቂያው ነው። ራሱን በራሱ የሚወጥር ማጥበቂያ በቡሶላና በረጅም እጀታ ሲገፋ እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት። ብዙዎቹ እዚያ ሲደርሱ በሽቦ ዘንግ የሚቆለፉበት ቀዳዳ አላቸው። ከባቲ ወዲያ ያለው አቧራ የገባበት ማጥበቂያ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይነክሳል። ሠራተኛው ቺንጊያው አጠረ ብሎ ያማርራል፤ ያጠረው ግን የማጥበቂያው ጉዞ ነው። በአሮጌው ዓይነት፣ ዲናሞው ራሱ በሚሳብበት ሞተር ላይ ደግሞ የማስተካከያውን ብሎን ብቻ ፈትቶ የታችኛውን መታጠፊያ ብሎን የሚረሳ አለ። ያኔ በብረት ሲገፋው የሚታጠፈው መያዣው ነው።

አራተኛው ጎረቤቶቹ ናቸው። ቺንጊያው ወልቆ ሳለ እያንዳንዱን ፑሊ በእጄ አዞራለሁ፣ ወደ ጎንም እወዘውዛለሁ። የሚያንኮራኩር ወይም የሚላወስ ኩሽኔታ ያኔ ካልተገኘ፣ ቺንጊያው ከተወጠረ በኋላ አይገኝም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፑሊዎቹ ፊት ላይ ሳስቀምጥ አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ወደ ውጭ ከወጣ ቺንጊያው በጎኑ እየተላጠ ይኖራል።

አራቱ ከተመለሱ በኋላ ቺንጊያው በአብዛኛው ራሱ ይገባል። ጥርስ ባላቸው ፑሊዎች ላይ አስቀድሜ አሰልፈዋለሁ፤ ጠርዝ የሌለውን ለስላሳ አይድለር ለመጨረሻ እተወዋለሁ። አንድ ሰው ማጥበቂያውን እስከ ጥግ ይይዛል፣ ሌላው ከዚያ ለስላሳ ፑሊ ላይ በእጁ ያንሸራትታል። ከዚያ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጣቴ እዳስሳለሁ፤ አንድ ጥርስ ከቦዩ ውጭ መቅረት የሚያጋጥም ነገር ነው። ሞተሩን በቁልፍ ሳላስነሳ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞራለሁ።

በካቻቢቴ እየፈለቀቁ ወይም በሞተሩ ማስነሻ እያዞሩ ማስገባት የሚቻል ነው። የሚያስከፍለው ግን ከውጭ አይታይም። የቺንጊያው ጉልበት ያለው ላስቲኩ ውስጥ በተኙት የክር ገመዶች ላይ ነው። በፑሊው ጠርዝ ላይ ሲፈለቀቅ የዳር ገመዶቹ ይበጠሳሉ፤ ላስቲኩ አዲስ እንደመሰለ ይቀጥላል። የሞተሩ ዙር 3,000 ሲደርስ ቺንጊያው በሰከንድ ከ20 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ የተጎዳው ጎን ያኔ ይገለበጣል ወይም ይተረተራል። ከልክ በላይ የተወጠረውም እንዲሁ ነው። ቺንጊያው ዝም ይላል፣ ኩሽኔታው ይከፍላል። የውሃ ፓምፑ ማፍሰስ ሲጀምር ማንም ከወራት በፊት የተገጠመውን ቺንጊያ አያስታውስም።

ስለ ልኩ አብረውኝ ለሚሠሩ ልጆች የምነግራቸው ይህ ነው። በእጅ በሚወጠር ቺንጊያ ላይ ረጅሙን ክፍተት መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ስንጫነው ለ100 ሚሊ ሜትር ርዝመት 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይርገብ። ሞተሩ ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ አጥፍተን እንደገና እንለካለን፤ አዲስ የቪ ቺንጊያ ቦዩን ሲለምድ ይላላልና። ጥንድ ሆነው የሚሠሩ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ከተጣመረ ሸክሙን ብቻውን ይይዛል። የሚጮህ ቺንጊያ ላይ ሳሙና መቀባት የለም። ጥርሱ ላይ ጥቂት ውሃ ረጭተን እንሰማለን። ጩኸቱ ከባሰ ውጥረቱ አንሷል፤ ለጊዜው ከጠፋ ፑሊዎቹ አልተሰለፉም። ስንጥቅ ስላላየን ደህና ነው አንልም። የዛሬዎቹ ኢፒዲኤም ከሚባል ላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ እንደ ድሮዎቹ ሳይሰነጠቁ ውስጥ ውስጡን ይበላሉ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ሾፌሩ ተሳፋሪ አሳፍሮ ቆሟል፤ «ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ፣ ሰው እኮ ጭኛለሁ» ይላል። «አብሽር፣ ሩብ ሰዓት ስጠኝ» እለዋለሁ። ያችን ሩብ ሰዓት የምለምነው ለራሴ ንጽሕና ብዬ አይደለም። ቺንጊያው ቢከዳ የሚቆመው እኔ በሌለሁበት፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይ፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ተሳፍረው ሳለ ነው።

ስለዚህ አሮጌውን ቺንጊያ ለባለቤቱ እመልሳለሁ፤ የገጠምኩትንም ቁጥር፣ ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በወረቀት ጽፌ ኮፈኑ ሥር እለጥፋለሁ። የሁለቱ ከተሞች ጋራዦች የሚሠሩት አንድ ዓይነት መኪኖችን ነው። ኮምቦልቻ እኔ የገጠምኩትን ደሴ ያለ መካኒክ ይፈታዋል፣ እሱ የገጠመውን እኔ እፈታለሁ። ባልተዋወቅንበት የምንተዋወቀው በሥራችን ነው፤ በጉልበት የገባ ቺንጊያ ደግሞ የሚቀጥለውን መካኒክ ያታልላል። እያንዳንዱ ጋራዥ ያችን ወረቀት ቢለጥፍ፣ ዳገቱ ላይ ከሚቆሙት መኪኖች ብዙዎቹ አይቆሙም ብዬ አምናለሁ።